ደብረ ብርሃንና አካባቢው የድሮ ጭቃ ቤት ለሚያድስ ጥቆማ

ጥያቄ፦ የቆየ የጭቃ ቤት ላድስ ነው። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ ቦታ ቦታ አብጧል፤ በሩ ክረምት ላይ አልዘጋ ይላል፣ በጋ ላይ ደህና ነው። ከምን ልጀምር? ለሳኝስ በካሬ ነው በቀን የሚሻለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልስኑን ለጊዜው ተወውና የቋሚዎቹን (ግድግዳውን የያዙትን የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች) እግር እይ። ያበጠውን በመዶሻ ስትነካው ባዶ ድምፅ ከሰጠ ሲሚንቶው ከጭቃው ለቋል። ጭቃ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ አብሮት አይሄድም። ከሥር የገባውንም ውኃ አፍኖ ይይዘዋል፣ ባሕር ዛፉም መሬት የሚነካበት ቦታ ላይ ይበሰብሳል። ዙሪያውን አንድ ስንዝር ቆፍረህ በቢላ ውጋው፤ ቢላው ከሰመጠ ይቀየር። ጣሪያውን በድጋፍ ሳትይዝ አትንቀል፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎችንም በአንዴ አትንካ። ለምትክ ከፈረሰ ቤት የወጣ ጥድ ካገኘህ ከአዲስ ባሕር ዛፍ ይበልጣል። ባሕር ዛፍ ከሆነ የደረቀውን ምረጥ፣ የሚቀበረውን ጫፍ ልጠህ የተቃጠለ ዘይት ደጋግመህ ቀባው።

መልስ፦ በሩን አታስልገው! መሬቱ ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ይመስላል፤ ክረምት አብጦ ቋሚውን ያነሳዋል፣ በጋ ይመልሰዋል። አሁን ብታስልገው በጋ ላይ ክፍተቱ ጣት ያስገባል። መጀመሪያ አሸንዳ አሠርተህ የጣሪያውን ውኃ ከግድግዳው አርቅ።

ለምርጊትም ዋልካ አይሁን፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ቀይ አፈር አስመጣ። ለመጀመሪያው ድርብ የገብስ ጭድ ይበቃል፣ ለማጠናቀቂያው ግን የጤፍ ጭድ ነው፤ ቀጭን ስለሆነ ገጹን ያስተካክላል። በሞረትና ጅሩ በኩል የሚመጣው ጥሩ ነው፣ ሰንጋ አድላቢዎች ቀድመው ካልወሰዱት። ጭቃው ከነጭዱ በደንብ ሳይቦካ አይመረግ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ እርጥቡን ልስን ሌሊት ይመታዋል፤ ጠዋት ጀምሮ ቀትር ላይ የሚያቆም ለሳኝ ያዝ።

መልስ፦ በተባለው ላይ፦ ያልለቀቀውን ሲሚንቶ ሁሉ አታፍርስ፣ ወጪ ነው። የለቀቀውን ብቻ አንስተህ በጭቃ ሙላና ኖራ ቀባው። ጀሶ ለውስጥ እንጂ ለታችኛው ግድግዳ አይሆንም፣ እርጥበት ይስባል።

ስለ ክፍያው፣ አናጢውን በቀን፣ ለሳኙን በካሬ። ስንት ቋሚ እንደበሰበሰ ሳይከፈት ስለማይታወቅ በኮንትራት የያዘ አናጢ የበሰበሰውን ሸፍኖ ያልፋል። ቆርቆሮ ስትገዛ የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ውፍረቱ እንደሚቀንስ አስብ፤ 35ቱ ርካሽ ነው፣ ንፋስ ለሚበዛበት ቦታ ግን 30 ወይም 28 ይሻላል። ሚስማሩ በጉብታው ላይ ይመታ፤ በስርጉዱ ከሆነ ያፈሳል።

መልስ፦ መብራቱንም እንዳትረሳ። የእንጀራ ምጣድ እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ 18 አምፔር ይደርሳል፤ የድሮው ቀጭን ሽቦ እንጨት ላይ ተመትቶ ከሆነ ይግላል። ለምጣዱ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ለብቻው፣ ከራሱ ባለ 25 አምፔር ብሬከር ጋር ይዘርጋለት።