ጥቆማ፦ ጊታሩ ኪቦርድ ኪቦርድ ለሚልባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ባለፈው አንድ ልጅ በኮምፒውተር የሠራውን የባቲ ቅኝት ዘፈን ላከልኝ። ድምፁ ያምራል፣ ከበሮውም ልክ ነው። ጊታሩ ግን ወላሂ ኪቦርድ ነው። "የጊታር ድምፅ የሚያወጣ ምን ፕሮግራም ልግዛ?" ይለኛል። የሞከርኩትን ልንገራችሁ።

ሴሽን ጊታሪስት ስትራምድ አኩስቲክ፦ ግርፉ በእውነተኛ ጊታር ተቀድቶ ያለቀ ነው። እናንተ ኮርዱን (አብረው የሚሰሙትን ኖቶች) ትነካላችሁ፣ እሱ ይገርፋል። ለፖፕ አንደኛ ነው። ግን ክፍያው በዶላር ነው፤ ዳውንሎዱም በጊጋ ነው፣ ኔትወርካችንን ታውቁታላችሁ። ለአምባሰል ቅኝት ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። አምባሰል ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ኢ የለችም። ሲ ሜጀር ስትነኩ ኢ ሰተት ብላ ትገባለች፣ አምባሰሉም እዚያው አበቃለት።

አምፕል ጊታር ኤም ላይት፦ ነፃ ነው፣ እኔ የምሠራው በዚህ ነው። ግርፉን በእጄ እሠራዋለሁ። ለዚያ አምባሰል ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ብቻ እወስዳለሁ። ጊታሪስት በአምስት ክር እንደሚይዘው በሚዲ ቁጥር (ኮምፒውተሩ ኖቱን በሚለይበት) 48፣ 53፣ 55፣ 60፣ 65 ይሆናል። አምስቱ እኩል ከተነሱ ያው ኪቦርድ ነው። ስለዚህ ከወፍራሙ ክር ጀምሬ እያንዳንዱን 10 ሚሊሰከንድ ገደማ አዘገየዋለሁ። ሩብ ኖት (አንድ ምት) 480 ቲክ ተብሎ በሚከፋፈልበት ፕሮግራም፣ በ100 ቢፒኤም (በደቂቃ 100 ምት) ይሄ 8 ቲክ ነው። ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚባለው የሙዚቃ ፕሮግራም ያላችሁ ፒያኖ ሮል (ኖት የሚጻፍበት መስኮት) ላይ አልት እና ኤስ ተጫኑ፣ የስትራም (የግርፍ) መሣሪያው ይመጣል።

እጁ ወደ ላይ ሲመለስ ተቃራኒው ነው። ከቀጭኑ ይነሳል፣ የሚነካውም ሦስት ክር ያህል ነው፣ ለስለስ ይላል። እኔ ወደ ታች ቬሎሲቲ (የምቱ ጉልበት) 95 ገደማ፣ ወደ ላይ 65 እሰጣለሁ። ክራር ሲገረፍ አይታችኋል አይደል? የማይፈለገውን ክር ግራ እጅ ያፍነዋል፣ ቀኙ ግን አይቆምም። ጊታሩም እንደዚያ ነው። በኮርዶቹ መሃል አጫጭር የታፈኑ ምቶች አስገቡ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄንን ነው።

አንድ ዘፈን ብቻ ከሆነ ግን ምን አደከማችሁ፣ ጊታሪስት ጠርታችሁ አስመቱ። ክሊክ (ፍጥነቱን የሚጠብቅ ምት) እየሰማ ይቀዳ፣ ፋይሉን ድምፁ ባልተጨመቀ በዌቭ ተቀበሉ። እኔን አንድ ስቱዲዮ (ስሙ ይቅር) ያለ ክሊክ ቀድቶ በኤምፒስሪ ሰጥቶኝ፣ ሁለት ሌሊት ስቆራርጥ አደርኩ። ክራክ (ቁልፉ የተሰበረ የተሰረቀ ፕሮግራም) በፍላሽ የሚጭኑላችሁንም ተዉአቸው። የኔ ላፕቶፕ ቫይረስ የለቀመው እዚያ ነው።

"ለባቲዬስ የትኛው ይሻለኛል?" ላልከኝ፦ ባቲ ማይነር ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት ነው። ሲ ማይነር ሙሉ በሙሉ ውስጡ አለ። ስለዚህ ሁለቱም ይሆኑሃል፤ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ነፃውን ጫንና በሱ ጀምር። ከበሮውን ግን እንዳትነካው።