የእግረኞችና የሳይክለኞች የጋራ ፕሮፖዛል፦ ረቂቅ 3

ጸሐፊዋ፦ ረቂቅ 3 ይኸው። ዓርብ መግባት አለበት። ዓላማው ያው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ለስፖርት ጣና ዳር ይመጡ የነበሩ ሴቶች ለምን እንደቀሩ ራሳቸው ያጥኑ። መጠይቅ የለም። 12 ሴቶች ሁለት ሳምንት በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ፣ ቁጭ ብለው ይመርጣሉ፣ ለምን እንዳነሱት ያወራሉ፣ በመጨረሻ ለከተማው ኃላፊዎች ያሳያሉ። ፎቶቮይስ የሚባለው ነው። ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን ባሪስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቻይና፣ ዩናን ውስጥ ከገጠር ሴቶች ጋር የሠሩበት። በጀቱ ገጽ 4 ላይ አለ።

ገንዘብ ያዥ፦ ገጽ 4ን አየሁት። «ሻይ ቡና፣ 9,600 ብር» ይላል። አልፈርምም። ሻይ ቡና ተብሎ በጀት ይጻፋል? ጉቦ ነው የሚመስለው።

ባለሳይክሉ፦ ኪኪኪ። ጋሼ ደግሞ! ሴቶቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያወሩ ምን ይጠጡ?

ገንዘብ ያዥ፦ ውሃ። የአምናውን ታውቁታላችሁ። ደረሰኝ የሌለውን ሁሉ ከኪሴ ነው የሸፈንኩት።

የፔዳው (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህሩ)፦ «መስተንግዶ» በሉትና ይለፍ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጥያቄውን እኛ ጨርሰን እነሱን ፎቶ አንሺ ካደረግናቸው አሳታፊ ጥናት አይባልም። ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣችው ባለ 8 እርከን የዜጎች ተሳትፎ መሰላል ማማከር 4ኛው ላይ ነው። እኛ እዚያም አልደረስንም።

አሰልጣኝ፦ መሰላሉ ይቆየን። መስተንግዶ ካላችሁ ምሳ የሚጠብቅ ይመጣል። ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው።

ጸሐፊዋ፦ የምን ምሳ! ቡናውን የምታፈላው እዚያው ሐይቁ ዳር ያለችው ባለቡናዋ ናት። ከ12ቱም አንዷ ናት።

ገንዘብ ያዥ፦ ጭራሽ! ተመራማሪም አቅራቢም? ደረሰኝስ አላት?

ጸሐፊዋ፦ የላትም። ግን ለሙከራ ያነሳችውን ፎቶ እዩት። እኛ ሐይቁ ዳር ስላለው መንገድ ነበር የምናስበው። እሷ ያነሳችው ከቤቷ እስከ አስፋልት ያለውን ኮብልስቶን ነው። ጨለማ ነው። የሚታየው የአንድ ውሻ ዓይን ብቻ ነው። «ሐይቁ ጋ ከደረስኩማ ምን ችግር አለ» አለችኝ። በመጠይቅ ቢሆን ይሄን አናገኘውም ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦ ፎቶው ጥሩ ነው። ደረሰኙስ?

ባለሳይክሉ፦ ጋሼ፣ አምና ለሜዳሊያው ሲከፈል ደረሰኝ አልጠየቁም።

ገንዘብ ያዥ፦ አንተ ልጅ፣ ሌባ ልትለኝ ነው? ማህተሙን ቅዳሜ አስረክባለሁ።

አሰልጣኝ፦ ኧረ በእመቤቴ! ለ9,600 ብር?

ባለሳይክሉ፦ ይቅርታ ጋሼ። ቀልዴን ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ፣ ማህተሙ እኔው ጋ ይቆይ። ግን ሻይ ቡና የሚለው ይውጣ።

የፔዳው፦ ፎቶ ላይ የሚታይ ሰው ፈቃድ ይጠየቃል። የፈቃድ ቅጹን አማርኛ የሚያደርግልን ማነው?

ጸሐፊዋ፦ ባለፈው «እኔ አለሁ» ያልሽው እህቴ፣ የት ጠፋሽ?

አሰልጣኝ፦ አታነብም። እኔ የምለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ብሏል። ለምን ደቂቃ አንቆጥርም? ቁጥር ያሳምናል።

ጸሐፊዋ፦ ደቂቃ ከተቆጠረ ባለቡናዋ 150ውን ማክሰኞ ትጨርሳለች። ጀሪካን ተሸክማ ነዋ የምትመላለሰው። «እሱስ ስፖርት አይባልም?» ብላኛለች። ይሄ ጥያቄ ረቂቁ ውስጥ ይግባ።

የፔዳው፦ ይግባ! ከምር ጥሩ ጥያቄ ነው።

ባለሳይክሉ፦ እኔ መላ አለኝ። ቡናውን ትተን በዚያው ብር ቲሸርት እናሳትም። ማተሚያ ቤት ደረሰኝ ይሰጣል። በኤግዚቢሽኑ ፋንታ ከአዲሱ የዓባይ ድልድይ የሚነሳ 5 ኪሎ ሜትር። ድልድዩ 380 ሜትር ነው፣ የእግረኛም የሳይክልም መንገድ አለው። ሁለቱንም ማህበር ያስደስታል።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄን እፈርማለሁ።

አሰልጣኝ፦ እኔም። ሴቶቹ ከፊት ይሮጣሉ።

ጸሐፊዋ፦ ጥናቱስ?

ባለሳይክሉ፦ ፎቶ ይነሳ የለ? እየሮጡ ያነሳሉ።

የፔዳው፦ ይሄ ማማከርም አይደለም። ፈተና እያረምኩ ነው፣ ማታ እመለሳለሁ።

ጸሐፊዋ፦ ማታ ሆነ፣ አልተመለስክም። ባለቡናዋ ቅዳሜ ስንት ሰዓት ልምጣ እያለች ነው። ምን ልበላት?

አሰልጣኝ፦ ለእኔ ኤክስ ኤል።