አባቴ የልብ ድካም አለበት፤ እኛ ልጆቹስ?

የምኖረው ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። አባቴ የልብ ድካም ተገኝቶበታል። በኤኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ሲታይ የልቡ የመግፋት አቅም 30 በመቶ ነው። ደም ግፊትም ስኳርም የለበትም፤ የልቡ ደም ስሮችም ደህና ናቸው ተብሏል። ታላቅ ወንድሙም ኮምቦልቻ እያለ በዚሁ ሕመም ነው ያረፈው። በዘር ይሆን እንዴ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንጨነቅ ነርቮቻችን ኖርኢፒነፍሪን የሚባል ልብን በፍጥነትና በኃይል የሚያስመታ ኬሚካል ይለቃሉ። አልፋ 2ሲ የሚባለው ተቀባይ (ሴል ላይ ያለ መልእክት የሚቀበል ፕሮቲን) ልቀቱን እንደ ፍሬን ይይዛል። ቤታ 1 ደግሞ ልብ ላይ ሆኖ መልእክቱን ይቀበላል። አንዳንድ ሰው በጂን ለውጥ ምክንያት ፍሬኑ ላልቶ፣ ቤታ 1 ደግሞ ከሌላው ሰው በላይ ንቁ ሆኖ ይወለዳል። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ሁለቱንም ለውጦች ከእናትም ከአባትም በወረሱ ጥቁር አሜሪካውያን ላይ የልብ ድካም አደጋው 10 እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኘው። በኋላ የተሠሩ ሌሎች ጥናቶች ግን ይህን አላገኙም። ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ያሉ ላቦራቶሪዎችን ጠይቄ የጂን ምርመራውን የሚሠራልኝ አጣሁ። አባቴ ካርቬዲሎል የሚባለውን፣ ቤታ 1ን የሚያግድ መድኃኒት ጀምሮ፣ ተመስገን፣ ትንፋሹ ቀሎታል። አሁን የሚያስጨንቁኝ ታናናሾቼ ናቸው። እስካሁን ምንም ምልክት የለባቸውም፤ ግን አንዷ እህቴ ነፍሰ ጡር ናት።

የልብ ሐኪሞችና የዘረመል ባለሙያዎች፣ እነዚህን ጂኖች አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ልኮ ማስመርመር የሚደረግልንን ክትትል ይለውጠዋል ወይስ ለእኛ ለልጆቹ ኤኮና ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) መታየት ይበቃል?