የኢኮኖሚ ፖሊሲ ተቋማት ተመራማሪዎች ከየት ይመጣሉ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እንደ ፒተርሰንና ብሩኪንግስ ያሉ የዋሽንግተን ጥናት ተቋማት የሚቀበሏቸው ኢኮኖሚስቶች ከዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ ከመንግሥት ሥራ የሚመጡት? ማስተርሴን ልጨርስ ስለሆነ መንገዱን ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ታዋቂዎቹ ሁለቱንም ያዩ ናቸው። ኦሊቪዬ ብላንሻር በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ካስተማሩና እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2015 የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ዋና ኢኮኖሚስት ሆነው ካገለገሉ በኋላ ነው ፒተርሰን የገቡት፤ ቤን በርናንኬም የፕሪንስተን ፕሮፌሰር ነበሩ፣ የአሜሪካን ማዕከላዊ ባንክ መርተው በ2014 ብሩኪንግስን ተቀላቀሉ።

መልስ፦ የአዳም ፖዘን ጉዞ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የፒተርሰን ተመራማሪ ሳሉ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2012 የብሪታንያን ማዕከላዊ ባንክ (የእንግሊዝ ባንክን) የወለድ መጠን በሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ ድምፅ ሰጥተው፣ በ2013 የተቋሙ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። በእኔ እምነት እንዲህ ያለ የውሳኔ ኃላፊነት ከማዕረግ ሁሉ ይበልጥ ያስተምራል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እነዚህ አንጋፋዎች ናቸው። ተቋማቱ ጀማሪ የጥናት ረዳቶችንም ይቀጥራሉና ስታቲስቲክስህን አጠናክረህ በዚያ በኩል አመልክት።