የሽሮ ሜዳ መንገዳችንን ታሪክ ለመጻፍ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ያደግሁት በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት፣ ከአስፋልቱ ገባ ባለች መንገድ ላይ ነው። በልጅነቴ ጠዋት ከየቤቱ የሸማኔ መወርወሪያ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ይወርዱ ነበር። በራችን ላይ ወገብ የሚደርስ ድንጋይ ነበረ፤ ሸክማቸውን ሳያወርዱ በእርሱ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ እናቴ ውሃ በጣሳ ታቀርብላቸው ነበር። ያ ድንጋይ ዛሬ የለም፤ የሚያስታውሱትም ሽማግሌዎች እያለፉ ናቸው። የመንገዷን ታሪክ ለልጆቻችን ጽፌ ማስቀረት እፈልጋለሁ። ከሰነድ ልጀምር ወይስ ከሰው? ዓመተ ምሕረት የማያስታውሱትንስ እንዴት ልጠይቃቸው?

መልስ፤ ከጡረተኛ የታሪክ መምህር

ልጄ፣ ከሰው ጀምር፤ ወረቀት ይቆይልሃል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡበት የእንጦጦ ማርያም ታሪክ ብዙ ተጽፎለታል፤ ያንተ መንገድ ግን ያለው በሰዎቹ ልብ ብቻ ነው። በመጀመሪያ በትልቅ ወረቀት ላይ መንገዱን ከታች እስከ ላይ ሣል፤ በየቤቱም ቦታ ባዶ ሣጥን አድርግ። ከዚያም እያንዳንዱን አዛውንት «ከእናንተ በላይ ማን ነበር? ከእርሱ በፊትስ?» እያልክ ሣጥኖቹን ሙላ።

«በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብለህ አትጠይቅ። ጣሊያን ሲወጣ ተወልደው እንደሆነ፣ በ1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ እዚያው ቤት ይኖሩ እንደሆነ፣ ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራይ ለማን ይከፍሉ እንደነበር ጠይቅ። እኔ ራሴ አንዲት እናት ቤታቸው መቼ በቆርቆሮ እንደተከደነ ስጠይቃቸው «ድሮ ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበራቸውም፤ በዚያን ጊዜ የትኛውን ልጅ አዝለው እንደነበር ስጠይቃቸው ግን «ሁለተኛዋን፤ ገና ጡት አልጣለችም» አሉኝ፤ የልጅቱን ዕድሜ ቆጥረን ዓመቱን አገኘነው።

መልስ፤ ከአንድ የዕድር ጸሐፊ

የዕድራችሁን አሮጌ መዝገብ ጠይቅ። ማን መቼ በአባልነት እንደገባ፣ የማን ቤተሰብ መቼ እንዳረፈ፣ ማን ሰፈር ለቅቆ እንደተሰናበተ ተጽፎ ታገኛለህ። ነገር ግን የሰው ሐዘን ያለበት መዝገብ ስለሆነ በኮሚቴው ፈቃድ፣ ጸሐፊው ባለበት ብቻ አንብብ።

መልስ፤ ቤት ጉዳይ ከሚያውቅ ሰው

በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከተወረሱት ቤቶች መካከል የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለተሰጠ፣ ቤቱ በማን እጅ እንደነበር ማወቅ ስለ ቤቱ ደረጃ ይነግርሃል። ደግሞ ከ1995 ዓ.ም. በፊት የነበረ ወረቀት «ከፍተኛ» (ከቀበሌ በላይ የነበረ የአስተዳደር እርከን) እና የያኔውን ቀበሌ ቁጥር ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ በዚያ ዓመት ክፍለ ከተማ ሲመጣ የቀበሌ ቁጥሮች ስለተለወጡ፣ ያገኘኸውን ቁጥር ሁሉ ከነወረቀቱ ዘመን መዝግብ። ይህን ካላደረግህ ሁለት ቤት አንድ ቤት ይመስልሃል።

መልስ፤ ከሸማኔ ልጅ

ወንድሜ፣ የመወርወሪያውን ድምፅ ስላስታወስክ አመሰግንሃለሁ። አባቴ ከጋሞ ደጋ መጥቶ በሽሮ ሜዳ የሸመነ ሰው ነው። የእኛን አባቶች ስትጠይቅ ከማን ጋር እንደመጡና መጀመሪያ ማን ቤት እንዳረፉ ጠይቅ፤ አንዱ ሌላውን እየጠራ ስለመጣ፣ በዚያ ሰንሰለት መንገዱ እንዴት እንደሞላ ይገባሃል። በጋሞኛ ማውራት የሚቀልላቸውን በጋሞኛ ቅዳቸው፤ ትርጉሙን እኔ እሠራልሃለሁ። ፈትሉን ስለሚፈትሉት እናቶችም ጠይቅ፤ ጥበቡ የእነርሱም ሥራ ነው። በሙያችን ምክንያት የደረሰብንን ንቀት የሚያወጉህ ካሉ ግን፣ ስማቸው ይጻፍ ወይም አይጻፍ የሚለውን ራሳቸው ይወስኑ።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱን ዛሬ ማታ እሥላለሁ። ቅዳሜ ከቡና በኋላ በመንገዳችን ላይኛው ጫፍ ከሚኖሩት፣ በወጣትነታቸው እንጨት ተሸክመው በበራችን ያልፉ ከነበሩት እናት ቤት እጀምራለሁ፤ የመጀመሪያ ጥያቄዬም ስለዚያ ድንጋይ ይሆናል።