ከፒችትሪ ወደ በጀት ሶፍትዌር ያስገባነው ሒሳብ ድምሩ አልገጠም አለ

ሒሳብ ማርቆስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው የገበሬዎች ዩኒየን ሒሳብ ነው። ዋና ቢሮው ደብረ ማርቆስ፣ ቅርንጫፎቹ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ናቸው። የ2016 በጀት ዓመትን ክንውን ለቀጣዩ ዕቅድ መነሻ ለማድረግ በየወሩ ትሪያል ባላንስ (የሁሉንም አካውንቶች ቀሪ የሚያሳይ ዝርዝር) ከሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌሩ ከፒችትሪ ወደ ኤክሴል አውጥተን፣ በሲኤስቪ (በኮማ በተለየ የጽሑፍ ፋይል) ወደ በጀት ሶፍትዌሩ አስገባን። ሦስት ነገር አስቸገረን፦ ደመወዝ ሐምሌ 412,000፣ ነሐሴ 826,500፣ መስከረም 1,243,000 ይላል፤ ሽያጩ ሁሉ ከነቴ (የመቀነስ) ምልክት ጋር ገባ፤ የፍኖተ ሰላም ወጪ ደግሞ በ86,400 ብር ጎደለ። ሶፍትዌሩ «ተሳክቷል» ነው የሚለው። ምን እናድርግ?

ጮቄ፦
ደመወዙ አልተሳሳተም፤ ትሪያል ባላንስ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የተጠራቀመውን ስለሚያሳይ ነው። ሐምሌን እንዳለ ተወው፣ ከነሐሴ ጀምሮ ከየወሩ ያለፈውን ወር ቀንስ፦ ነሐሴ 414,500፣ መስከረም 416,500 ይወጣል። ይህን ግን ለገቢና ለወጪ አካውንቶች ብቻ አድርግ። ባንክ፣ ተሰብሳቢና ተከፋይ የወር መጨረሻ ቀሪ ስለሆኑ አይነኩም።

ሽያጩ በክሬዲት ስለሚመዘገብ በነቴ ይወጣል። ሶፍትዌሩ ገቢን በአዎንታዊ የሚጠብቅ ከሆነ በማፒንጉ (የፒችትሪውን አካውንት ከበጀቱ መስመር ጋር በሚያገናኘው ዝርዝር) ላይ የገቢ አካውንቶችን ምልክት ገልብጥ። ፋይሉን በእጅ አታርም፤ በሚቀጥለው ወር ይረሳል።

ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ የወጣ ትሪያል ባላንስም አይሆንም፤ ገቢና ወጪው ዜሮ ሆኖ ይገኛል።

የአባይ ዳር፦
እኔ ግን ትሪያል ባላንሱን ትቼ ጄኔራል ሌጀርን (የግብይቶቹን ሁሉ ዋና መዝገብ) በቀን እንድታወጣ እመክራለሁ፤ እያንዳንዱ ግብይት ስለሚወጣ መቀናነስ አያስፈልግም። ፒችትሪው በፈረንጅ ወር ከተከፈተ ደግሞ ግድ ነው። ከጁላይ 1 እስከ 7 ያለው የባለፈው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ሆኖ ሳለ ሐምሌ ላይ ይቆጠርብሃል።

ቀኑን ወደ እኛ ወር የሚቀይር የ12 መስመር ሠንጠረዥ አዘጋጅ። ለ2016 የወራቱ መነሻ፦ ሐምሌ ጁላይ 8፣ ነሐሴ ኦገስት 7፣ መስከረም ሴፕቴምበር 12፣ ጥቅምት ኦክቶበር 12፣ ኅዳር ኖቬምበር 11፣ ታኅሣሥ ዲሴምበር 11፣ ጥር ጃንዩዋሪ 10፣ የካቲት ፌብሩዋሪ 9፣ መጋቢት ማርች 10፣ ሚያዝያ ኤፕሪል 9፣ ግንቦት ሜይ 9፣ ሰኔ ጁን 8። ጳጉሜን ነሐሴ ውስጥ ገብታለች፤ በ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለሆነች ነው መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ የዋለው። ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት በአንድ ቀን ይቀድማሉ።

የቀን አጻጻፉንም እይ። 7/8 ወር ቀድሞ ከተነበበ ሐምሌ 1 ነው፣ ቀን ቀድሞ ከተነበበ ነሐሴ 1። ኮምፒውተሩ ስህተት አይልም፤ ዝም ብሎ የአንድ ወር ወጪ ያዛውራል።

ጮቄ፦
ስለ ፍኖተ ሰላም፦ ቅርንጫፉን በስም ነው የለያችሁት? «ፍኖተ ሰላም»፣ «ፍኖተ ሠላም»፣ «ፍኖተሰላም» ለእኛ አንድ፣ ለማሽኑ ሦስት ናቸው። ማፒንጉ የሚያውቀው አንዱን ከሆነ የቀሩት መስመሮች ይጣላሉ። በኮድ ለዩ፦ 01፣ 02፣ 03። ኤክሴል 01ን 1 እንዳያደርገው ፋይሉን ስትከፍት ያን ዓምድ ጽሑፍ በለው። ሲኤስቪውንም የአማርኛ ፊደልን በሚይዘው በዩቲኤፍ-8 አስቀምጥ፣ አለዚያ አማርኛው ሁሉ ጥያቄ ምልክት ይሆናል።

ሒሳብ ማርቆስ፦
አመሰግናለሁ። በእርግጥ በስም ነው፤ ሦስቱም አጻጻፍ ፋይሉ ውስጥ አለ። አስተካክለን ብንደግመው የቀድሞው ላይ ይደመራል?

የአባይ ዳር፦
አጫጫኑ «ጨምር» ከሆነ አዎ፣ እጥፍ ይሆናል። «ተካ» በለው፤ ወሩንና ቅርንጫፉን መጀመሪያ አጽዳ። «ተካ» ላይ ግን አንድ አካውንት በአንድ ወርና ቅርንጫፍ ሁለት መስመር ካለው የኋለኛው የፊተኛውን ሊያጠፋው ይችላል፤ ስለዚህ በፒቮት (በኤክሴል ማጠቃለያ ሠንጠረዥ) ደምረህ አስገባ። ከዚያ የእያንዳንዱን ቅርንጫፍ ድምር ከፒችትሪው ጋር አስተያይ፤ አንድ ሳንቲም እንኳ ከጎደለ ማፒንግ ያልተሰጠው አካውንት ወይም የተጣለ መስመር ሊኖር ይችላል።