ኩዌስት 3፣ ኩዌስት 3ኤስ ወይስ ፕሌይስቴሽን ቪአር2፦ ለገንዘቡ የሚሻለው የትኛው ነው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የቪአር (የምናባዊ ዕውነታ) መነጽር ለመግዛት አስቤ በሜታ ኩዌስት 3፣ ዋጋው ዝቅ ባለው በኩዌስት 3ኤስ እና በፕሌይስቴሽን ቪአር2 መካከል መምረጥ ተቸግሬአለሁ። በአብዛኛው የምፈልገው ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ ለበረራ ሲሙሌተር ሲሆን፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ያለ ኮምፒውተር ቀላል ጨዋታዎችን መጫወት እሻለሁ። የዋጋው ልዩነት የሚከፈለው በትክክል ለምንድን ነው?

መልስ 1
በዋናነት ለሌንሱ ነው። ኩዌስት 3 ለእያንዳንዱ ዓይን 2064 በ2208፣ 3ኤስ ደግሞ 1832 በ1920 ፒክስል አላቸው፤ ልዩነቱን ይበልጥ የሚያሰፋው ግን የመጀመሪያው ፓንኬክ የሚባለውን ሌንስ ሲይዝ ሁለተኛው በኩዌስት 2 የነበረውን ዓይነት ፍሬኔል ሌንስ መያዙ ነው። በፍሬኔል ምስሉ በደንብ የሚጠራው መሐሉ ላይ ስለሆነ፣ የአውሮፕላኑን መለኪያዎች ለማንበብ ዓይንን ብቻ ማንቀሳቀስ አይበቃም፤ ጭንቅላትንም ማዞር ይጠይቃል። በፓንኬክ ግን ጥራቱ ወደ ጠርዙ ይዘልቃል። በአንጻሩ የሁለቱም ፕሮሰሰር ስናፕድራገን ኤክስአር2 ጄን 2፣ ራማቸውም 8 ጊጋባይት በመሆኑ፣ ለቀላል ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ 3ኤስን ያለ ማመንታት እመክርዎት ነበር።

መልስ 2
ፕሌይስቴሽን ቪአር2ን አስቀድመው አይጣሉት። ስክሪኑ ኦሌድ ስለሆነ የሌሊት በረራ ጨለማ በእውነት ጨለማ ይሆናል፤ ምስሉም ዲስፕሌይፖርት በሚባለው የስክሪን መሰኪያ በኩል ሳይጨመቅ ይደርሳል፤ በኩዌስት ግን ቪዲዮው ተጨምቆ በዩኤስቢ ወይም በዋይፋይ ስለሚላክ ጥቂት ጥራት ይቀንሳል። ሆኖም ከ2024 ጀምሮ የሚሸጠውን የኮምፒውተር አዳፕተር ለብቻው መግዛት ይኖርብዎታል፤ የዓይን ክትትሉና ኤችዲአሩም (የብርሃንና የጨለማን ልዩነት የሚያሰፋው) በኮምፒውተር ላይ በይፋ አይደገፉም። ይህ እንግዲህ ከተከፈለበት ዕቃ ግማሹን ሳይጠቀሙ መቅረት ነው ማለት ይቻላል።

መልስ 3
እንዲያውም ፕሌይስቴሽን ቪአር2 ያለ ኮምፒውተር ወይም ያለ ፕሌይስቴሽን 5 ፈጽሞ ስለማይሠራ፣ የጠያቂውን ሁለተኛ ፍላጎት አያሟላም። እኔ የምጨምረው፣ ከመግዛትዎ በፊት በሁለቱ የዓይን ብሌኖችዎ መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ። 3ኤስ 58፣ 63 እና 68 ሚሊሜትር በሚሉ ሦስት ደረጃዎች ብቻ ሲስተካከል፣ ኩዌስት 3 ግን በመዘውር በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከላል።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። የእኔ 66 ሚሊሜትር ነው፤ ላፕቶፔም የዲስፕሌይፖርት መሰኪያ የለውም። ስለዚህ ወደ ኩዌስት 3 አዘንብያለሁ።

መልስ 1
በ2 ሚሊሜትር ልዩነት ብዙ ሰው አይቸገርም፤ ምክንያትዎ ሌንሱ ይሁን። ለማንኛውም ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በኬብል ያገናኙ፤ በዋይፋይ የሚሄደው ወደ መነጽሩ የሚላከው ብቻ ሲሆን ምስሉ መቆራረጡ በጣም ይቀንሳል።